ጥላ ወጊዋን ልጅ ደግ ላድርጋት ወይ?

ጥያቄ፦ «22 ዓመቴ ነው። የምኖረው የካ አባዶ ኮንዶሚኒየም ነው። ለወጣቶች የሚሆን ምናባዊ ልብ ወለድ ጽፌ ጨርሻለሁ። ዋናዋ ገጸ ባሕርይ ትርንጎ ትባላለች። 17 ዓመቷ ነው፤ ክፉ ናት። ከአያቷ ሳጥን ያገኘችውን ክታብ ከታች ወደ ላይ እያነበበች የሰው ጥላ መውጋት ትማራለች። ጥላው የተወጋ ሰው ፈቃዱን ያጣል፤ ያለችውን ሁሉ ያደርጋል። መጨረሻ ላይ ሰፈሩ በሙሉ እጇ ይገባል። ለሦስት ሰው አስነበብኩት። ጓደኛዬ ‹ጠላኋት፣ መጨረስ አቃተኝ› አለችኝ። እህቴ ‹መጨረሻ ላይ ንስሐ ትግባ› አለች። አንድ የማከብረው ሰው ደግሞ ‹በልጅነቷ የደረሰባትን በደል ጨምሪበት፣ ያኔ አንባቢ ያዝንላታል› አለኝ። የማንን ልስማ? ለወጣቶች እንዲህ ያለች ሴት መጻፍስ ነውር ነው? የመጀመሪያዎቹን ሦስት ምዕራፎች ልኬያለሁ።»

መልስ፦ ታናሽ እህቴ፣ ሦስቱንም ምዕራፍ አንብቤያለሁ። ሁለተኛውን ሁለት ጊዜ። ሥራዬ የሰው ረቂቅ ማረም ነው። 19 ዓመት ሆኖኛል፤ አብዛኛው ለወጣቶች የተጻፈ ነው። ስለዚህ ሳልሸፋፍን ልንገርሽ። ትርንጎን ደግ አታድርጊያት። ንስሐም አታስገቢያት። ልጅነቷንም ለጊዜው ተይው። ጓደኛሽ ግን እውነቷን ነው። መጨረስ ያቃታት በምክንያት ነው። ትርንጎ ክፉ በሠራች ቁጥር አንቺ ፊትሽን ታዞሪያለሽ። አንባቢ የሚጠፋብሽ እዚያ ላይ ነው።

ምዕራፍ 2ን እንየው። የብሎኩ ጥበቃ ጋሽ መኩሪያ የሚወጉበት ቦታ። የጻፍሽው እንዲህ ነው፦

«ጋሽ መኩሪያ ከጥበቃ ቤቱ በር ላይ ቆመዋል። የማታዋ ፀሐይ ጥላቸውን አስረዝማዋለች። ትርንጎ ቃሉን አለች። ነፋስ ነፈሰ። ጥላቸው ጠፋ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ጋሽ መኩሪያ የእሷ ሆኑ።»

ግሶቹን ልብ በይልኝ። ነፋስ «ነፈሰ»። ጥላ «ጠፋ»። ሰውየው «ሆኑ»። ትርንጎ የሠራችው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ቃል «አለች»። የቀረው በራሱ ጊዜ ሆነ። አማርኛ ለዚህ ይመቻል። ቤት ውስጥ ብርጭቆ ሲሰበር «ሰበርኩት» የሚል ልጅ የለም፤ «ተሰበረ» ነው የሚለው። እኛ ትልልቆቹም ወሳጁን እየጠረጠርን «ስልኬ ጠፋ» እንላለን፤ እዚያው የተቀመጠውን ሰው ላለማስቀየም። ለጉርብትና ጥሩ ጸባይ ነው። ደራሲ ግን ገጸ ባሕርይዋን ላለማስቀየም ስትል አንባቢዋን ታጣለች። አንባቢው ምን እንደጎደለበት አያውቀውም። ዝም ብሎ ይርቃል። ጓደኛሽ «ጠላኋት» ስትል ለእኔ የተሰማኝ «አላውቃትም» ያለች ያህል ነው።

ሌላም አለ። መጽሐፉን በሦስተኛ ሰው ነው የጻፍሽው። እኔ ብሆን አፉን ለትርንጎ እሰጣት ነበር። እሷ ራሷ «እኔ» ብላ ትናገር። ውጭ አገር ያንግ አደልት የሚሉት ዘርፍ፣ ከ12 እስከ 18 ዓመት ላሉ አንባቢዎች የሚጻፈው፣ በብዛት በ«እኔ» የሚጻፈው አለምክንያት አይደለም። በዚህ ዕድሜ ያለ ልጅ ከውጭ ሆኖ መፍረድ አይፈልግም፤ ውስጥ ገብቶ ማየት ይፈልጋል። ክፉዋ ልጅ «እኔ» ስትል ደግሞ ሌላ ነገር ይመጣል። «ጠፋ» ማለት አፏ ላይ ሐሰት ይሆንባታል። ወይ ትዋሻለች፣ ወይ «ወሰድኩት» ትላለች።

ያንኑ ቦታ እኔ ብጽፈው ምን እንደሚመስል ላሳይሽ። ቃሎቹን እንዳለ አትውሰጂያቸው፤ አካሄዱን ብቻ እይ።

«ጋሽ መኩሪያ ራዲዮናቸውን ጆሯቸው ሥር ይዘዋል። ‹ትርንጎዬ፣ ዛሬ ሌሊት ውሃ ትመጣለች አሉ፤ ለእናትሽ ንገሪያት› አሉኝ። ‹እሺ ጋሼ፣ እግዜር ይስጥልኝ› አልኳቸው። ጥላቸው እስከ ሮቶው ድረስ ተዘርግቷል። የባርኔጣቸውን ጥላ ረገጥኩት። ቃሉን ጨረስኩ። ራዲዮኑ ከእጃቸው ወደቀ፤ ማውራቱን ግን አላቆመም። ‹አንሳው› አልኩት። አነሳው። ‹የት ላስቀምጥልዎ?› አለኝ።»

እዚህ ውስጥ ነፋስ የለም። መብረቅ የለም። ያለው «አልኳቸው» ከሚለው ወደ «አልኩት» መውረድ ነው። አያቷ የሚሆኑ ሰው ናቸው። ከአንድ ደቂቃ በፊት «ጋሼ» ነበሩ፤ አሁን «አንተ» ሆኑ። እሳቸውም «ትርንጎዬ» ያሏትን ልጅ አንቱ አሏት። የ14 ዓመት አንባቢሽ በሕይወቱ አንድ ቀን የሰፈሩን ጥበቃ አንተ ብሎ አያውቅም። ያ ልጅ እዚህ መስመር ላይ ሲደርስ ሆዱ ይረበሻል። ቋንቋችን እንዲህ ያለ መሣሪያ ሰጥቶሻል፤ አንድ ፊደል ለውጠሽ ሰውን ከወንበሩ ታወርጂዋለሽ። ከዚህ በኋላ በመጽሐፉ ሁሉ ተጠቀሚበት። ማን ማንን አንቱ እንደሚል ዝርዝር ያዢ። ሰፈሩ እጇ እየገባ ሲሄድ ያ ዝርዝር ይገለበጣል፤ አንባቢው ማን እንደተወጋ ሳትነግሪው ከአነጋገሩ ያውቃል።

የውሃዋን ወሬ ደግሞ አውቄ ነው ያስገባሁት። አንቺም ታውቂዋለሽ፣ ዳር ሰፈር ውሃ ስትመጣ የሚነግርሽ ሰው ወዳጅሽ ነው። ጋሽ መኩሪያ ደግ መሆናቸውን ነጋሪ አላስፈለገንም፤ ወሬዋን ነገሯት፣ እሷም አመስግና ወጋቻቸው። ክፋቷ ጨመረ ወይስ ቀነሰ? ጨመረ። አንባቢው ግን አይሄድም። የተጎዳውን ሰው አይቶታል፤ ምን እንደሚደርስበት ማወቅ ይፈልጋል። መጽሐፍሽ የጎደለው ይኸው ነው። በሦስቱ ምዕራፎች ስድስት ሰው ይወጋል፤ ከተወጋ በኋላ ያየሁት አንድም የለም። ጋሽ መኩሪያ ምን ይበላሉ? ራዲዮኑን አሁንም ይከፍቱታል? እሑድ እሑድ ልጃቸው ድፎ ዳቦ ይዛ ብትመጣ ያውቋታል? ልጅየዋ ዳቦውን በእጇ ይዛ በሩ ላይ ቆማ፣ አባቷ «እመቤቴን ላስፈቅድ» ሲሏት አሳዪን። አንድ ገጽ ይበቃል። ትርንጎም እዚያው ደረጃው ላይ ትኑር፣ ታይ።

ወደ ምኞቷ ልምጣ። ትርንጎ የምትፈልገው «ኃይል» ነው ብለሻል። ምዕራፍ 3 ላይ «ዓለም ሁሉ እንዲንበረከክላት» ትመኛለች። የ17 ዓመት ልጅ እንዲህ አትመኝም። የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪ ናት አይደል? ምኞቷን እዚያው አታገኚውም ወይ? የብሔራዊ ፈተናው ዩኒቨርሲቲ ግቢ ውስጥ መሰጠት ሲጀምር፣ በጥቅምት 2015 ዓ.ም. ማለት ነው፣ 50 ከመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት ከተፈታኙ 3.3 ከመቶ ብቻ ነበሩ። ያ ውጤት የወጣ ሰሞን የጎረቤቶቼን ቤት ድባብ አልረሳውም። ለቅሶ ቤት ነበር የሚመስለው። ከ100 ልጅ ሦስት። አንባቢሽ ያንን ወንበር ያውቀዋል፤ ተቀምጦበታል ወይም ሊቀመጥበት ነው። ትርንጎ «ማለፍ እፈልጋለሁ» ስትል ሳይወድ በግዱ አብሯት ይፈልጋል። ክፉ ጀግና የምትቆመው በዚህ ነው። አንባቢው መጀመሪያ የፈለገችውን ይፈልግላት። መንገዷን ሲያይ ደግሞ ራሱን ይያዝ።

ለዚህ ሰናይትን ሠርተሽ አስቀምጠሻታል። ጎበዟ ጓደኛ። ምዕራፍ 3 ላይ ትርንጎ «ኃይሏን ለመጨመር» ትወጋታለች፤ ከዚያ ሰናይት ከታሪኩ ትጠፋለች። ያሳዝናል፤ የመጽሐፉ ልብ እሷ ልትሆን ትችል ነበር። እስቲ እንዲህ አስቢው። ትርንጎ ጓደኛዋን የምትወጋት ከፈተናው በፊት ባለው ሌሊት፣ ማደሪያው ውስጥ ነው። ትዕዛዟ አጭር ነው፤ «መልሶችሽን ለእኔ ስጪኝ»። ፈቃድ የሌለው ሰው ደግሞ ቃል በቃል ነው የሚታዘዘው። ሰናይት ሁሉንም ሰጠቻት። ለራሷ አንድም አላስቀረችም። ፈተናው ሲያልቅ ትርንጎ ዞር ትላለች፤ የሰናይት የመልስ ወረቀት ነጭ ነው። ስም ብቻ። ገና ሁለት ደቂቃ አለ። አንድ ቃል ብትናገር ሰናይት ትጽፋለች። ትርንጎ እርሳሷን አስቀምጣ ወደ መስኮቱ ታያለች።

ያንን መስኮት በደንብ ጻፊው። ከመስኮቱ ውጭ ምን እንዳለ ሁሉ ጻፊ።

አሁን ወደምወደው ነገር ልግባ። «ጥላ ወጊ» የሚለውን ቃል ከየት እንዳመጣሽው አላውቅም፤ ከአያትሽ ከሰማሽው ታድለሻል። ከራሳችን ጓዳ የወጣ ቃል ነው። በድሮ ክታቦች ላይ ቡዳ፣ ባርያ፣ ሌጌዎን፣ ዓይነ ጥላ ከሚባሉት ክፉ መናፍስት ጋር አብሮ ይጠራል። ሴት ክፉም በዚያው ጓዳ ሞልታለች። ውርዝልያን ታውቂያታለሽ? ሕፃናት የምትገድለዋ፤ ቅዱስ ሱስንዮስ በፈረስ ሆኖ በጦር የወጋት። ጸሎቱ በየክታቡ ተጽፏል፤ ሥዕሉም አለ። በአንዳንዱ ታሪክ የገዛ እህቱ ናት። ምናባዊ ልብ ወለድ ለመጻፍ ዘንዶና በረዶ ከሰው አገር መበደር አያስፈልግሽም። አንቺም አልተበደርሽም፤ ለዚህ አከብርሻለሁ።

ግን ክታቡን በደንብ አልተጠቀምሽበትም። ክታብ እንደ መጽሐፍ ማንም አንስቶ የሚያነበው ነገር አልነበረም። ብራናው ብዙ ጊዜ በባለቤቱ ቁመት ልክ ይሠራ ነበር፤ ከራስ ፀጉር እስከ እግር ጥፍር እንዲጠብቀው። የባለቤቱ የክርስትና ስም ውስጡ ይጻፋል። ጥበቃው ለዚያ ስም ብቻ ነው። ብራና ደግሞ ይፋቃል። የቀድሞው ባለቤት ስም ተፍቆ የሌላ ሰው ስም የተጻፈባቸው ክታቦች አሉ። አሁን ትርንጎን አስቢያት። የአያቷን ክታብ የራሷ ለማድረግ የአያቷን ስም መፋቅ አለባት። በምላጭ፣ ቀስ ብላ፣ ብራናው እንዳይቀደድ ትንፋሿን ይዛ። አያቷ ደግሞ በሕይወት አሉ፤ ቀጥሎ ባለው ክፍል ተኝተው ያስላሉ። ስሙ ሲፋቅ ሳሉ ይቆማል።

የመጀመሪያው ወንጀል ይኼ ይሁን። ጋሽ መኩሪያ ሁለተኛ ይሆናሉ። ክታቡም ለትርንጎ ቁመት ትንሽ ያጥራል ወይም ይረዝማል፤ በአያቷ ልክ ነውና የተሠራው። ቢያጥር ከቁርጭምጭሚቷ በታች አይጠብቃትም። ይህን የት እንደምትጠቀሚበት አንቺ ታውቂያለሽ።

አስማቷ ዋጋ እንዲኖረውም እፈልጋለሁ። አሁን ትወጋለች፣ ታገኛለች፣ አለቀ። ማሪ ሉ በእንግሊዝኛ የጻፈችው «ዘ ያንግ ኤሊትስ» የሚባል መጽሐፍ አለ፤ በ2014 እ.ኤ.አ. የወጣ። እዚያም ዋናዋ ልጅ ወደ ክፋት ነው የምትሄደው። ኃይሏ የሚበረታው በፍርሃትና በንዴት ነው። ስለዚህ ኃይሏን በተጠቀመች ቁጥር ራሷ ትለወጣለች። አንቺ ያንን አትድገሚው። ያንቺ ጥላ ነው፤ ጥላ ደግሞ የራሱ ሕግ አለው። ሕጉ ያለው ደጅሽ ላይ ነው።

ይኸውልሽ። አዲስ አበባ ከምድር ወገብ ወደ ሰሜን 9 ዲግሪ ላይ ናት። ስለዚህ ፀሐይ በዓመት ሁለት ጊዜ ልክ አናታችን ላይ ትቆማለች። አንዴ ሚያዝያ 6 አካባቢ፣ አንዴ ነሐሴ 23 አካባቢ። በእነዚያ ቀናት ከቀኑ 6 ሰዓት ተኩል ገደማ ሜዳ ላይ ብትቆሚ ጥላሽ ጫማሽ ሥር ይገባል። ቀጥ ብሎ የተተከለ ብረት ጥላ አይኖረውም። እኔ ካራ በኩል ካለው ቤቴ ግቢ የልብስ ማስጫውን ብረት እያየሁ አረጋግጫለሁ፤ ሚያዝያ ላይ፣ ሰማዩ ጥርት ባለበት ቀን። ሌላም አለው። ከሚያዝያው ቀን እስከ ነሐሴው ቀን ድረስ የቀትር ጥላ ወደ ደቡብ ይወድቃል። በቀረው የዓመቱ ጊዜ ወደ ሰሜን። ትርንጎ ይህን ማወቅ አለባት። ጥላ የምታሳድድ ልጅ እንደ ገበሬ ሰማይ ማንበብ አለባት።

ክረምትስ? ሐምሌ ላይ ደመናው ሲጋደም ለቀናት ጥላ አይታይም። ጥላ የሌለበት ወር ለእሷ የረሃብ ወር ነው። የወጋቻቸው ሰዎች ትንሽ ትንሽ ፈቃዳቸው ይመለስ ይሆን? ትርንጎ ሲጨንቃት አሳዪን። ማታ ደግሞ መብራት ይጠፋል። አራተኛ ፎቅ ለመውጣት ሰው ሁሉ የስልኩን ባትሪ ያበራል። የደረጃው ግድግዳ በጥላ ይሞላል፤ የሕፃን ጥላ ከአባቱ ይተልቃል፤ የጄሪካን ጥላ ቤት ያክላል። እሷ መሐል ቆማለች። ረቂቅሽ ውስጥ ይህ ትዕይንት የለም፤ ማመን አቃተኝ! በየሳምንቱ የምታዪው ነገር እኮ ነው። ሰፈርሽን ከመግቢያው ገጽ በኋላ ረስተሽዋል። የመጨረሻው ብሎክ፣ ከዚያ ወዲያ ያለው ጤፍ ማሳ፣ ባሕር ዛፉ፣ ሌሊት የሚጮኸው ጅብ፣ ሁሉም ምዕራፍ 1 ላይ ተደርድረው ቀርተዋል። በየምዕራፉ በትኛቸው።

ልጅነቷን በሚመለከት አጭር ነው መልሴ። የምታከብሪው ሰው ምክር ክፉ አይደለም፤ ብዙ ጊዜ ግን እንደ ይቅርታ ደብዳቤ ይሆናል። ዮዲት ጉዲትን ተመልከቺ። ትውፊት በ10ኛው መቶ ክፍለ ዘመን አክሱምን አቃጠለች፣ 40 ዓመት ገዛች ይላታል። ስለ እሷ ከሚነገሩት አፈ ታሪኮች አንዱ መጀመሪያ ላይ ተበድላለች ይላል፤ ጡቷ ተቆርጦ ተባረረች ይላል። ተራኪዎቹ ይህን ይነግሩናል፤ ግን አያስተዛዝኑበትም። ተናግረው ወደ እሳቱ ያልፋሉ። እሷንም ማንም አልረሳት። አንቺም ካስፈለገሽ የትርንጎን በደል ወደ ኋላ ውሰጂው፤ ምዕራፍ 9 ወይም 10 ላይ። እሷ ራሷ ትንገረው። ለማን? ለምትወጋው ሰው፣ አዝኖላት ወደ ብርሃኑ እንዲጠጋ። አንባቢው እውነት መሆኑን ይወቅ። እውነቱን ለምን እንደተጠቀመችበትም ይይ።

የእህትሽ ነገር ትንሽ ከባድ ነው፤ ምክንያቱም እኔም አንድ ጊዜ እንደ እሷ ብያለሁ። ከ11 ዓመት በፊት ነው። አንድ ወጣት ደራሲ ክፉ ሴት የጻፈበት ረቂቅ ይዞልኝ መጣ። ጥሩ ረቂቅ ነበር። «አንባቢ አይቀበልህም፤ መጨረሻ ላይ አስለቅሳት» አልኩት። ልጁ ሰማኝ። ሴትየዋ በመጨረሻዎቹ አሥር ገጾች ቤተ ክርስቲያን ደጅ ተንበርክካ አለቀሰች። መጽሐፉ ወጣ። በኋላ ስንገናኝ ለሰው ሲሰጠው ከእነዚያ አሥር ገጾች በፊት እንዲያቆሙ እንደሚለምን ነገረኝ። «እነሱን እኔ አልጻፍኳቸውም» አለኝ። ልክ ነበር። እኔ ነበርኩ የጻፍኳቸው። እስከዛሬ ይቆጨኛል።

ይህ ልማድ ከየት እንደመጣ አይጠፋኝም። የመጀመሪያው የአማርኛ ልብ ወለድ፣ የአፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ ሥራ፣ በ1900 ዓ.ም. ሮም ላይ ሲታተም ጀግናዋ ጦቢያ ነበረች፤ ውብ፣ ታማኝ፣ ለወገኗ የምትቆረቆር። ጀግና ሴት ስንል ዛሬም የብዙዎቻችን ዓይን እሷን ነው የሚፈልገው። ግሪኮች ግን ሜዲያ አለቻቸው። የተውኔት ጸሐፊው ዩሪፒደስ ስለ እሷ የጻፈውን ተውኔት አቴና ላይ ያሳየው ከክርስቶስ ልደት በፊት በ431 ዓመት ነው። በዚያ ውድድር ሦስተኛ ወጣ፤ ሦስተኛ ማለት መጨረሻ ነበር። ሜዲያ ባሏ ከዳት፤ ለመበቀል የገዛ ልጆቿን ገደለች። አልተጸጸተችም፣ አልተቀጣችም። የፀሐይ አምላክ አያቷ በላከላት ሠረገላ ሄደች። ይህን ከ2400 ዓመት በኋላም የሚያዩት ለምን ይመስልሻል? ግድያው መድረክ ላይ አይታይም። የሚሰማው የልጆቹ ድምፅ ነው፤ ከቤት ውስጥ፣ ከእናታቸው ሲሸሹ። ዩሪፒደስ ሜዲያን ከጥፋቷ አላነጻትም። የልጆቹን ጩኸት ግን አልከለከለንም።

የትርንጎን መጨረሻ በተመለከተ አንድ ሐሳብ አለኝ፤ ካልጣመሽ ጣይው። ሚያዝያ 6 ይሁን። ሰፈሩ በሙሉ እጇ ነው። ሜዳው ላይ ሰብስባቸዋለች። ቀትሩ ይደርሳል። የማንም ጥላ የለም፤ የተወጋውም፣ ያልተወጋውም፣ የእሷም። ለጥቂት ደቂቃ ሁሉም እኩል ናቸው። ጋሽ መኩሪያ ቀና ይሉና ያዩዋታል። «አንቺ ልጅ» ይሏታል። ሌላ ምንም አይጨምሩም። እሷም አታለቅስም። ዓይኗን ከእሳቸው ሳትነቅል ጥላው እስኪመለስ ትጠብቃለች። ተመልሶ ምን እንደሚሆን ከዚህ በላይ አልሄድም፤ መጽሐፉ ያንቺ ነው።

ነውር ነው ወይ ላልሽው። ቅዳሜ ቅዳሜ የሰፈር ልጆች ቤቴ ይመጣሉ፤ ከ12 እስከ 16 ዓመት ያሉ፣ አሥር ያህል። እናነባለን፣ ተረትም እናወራለን። በቀደም እመት ጦጢት አያ ጅቦን አታልላ ገደል የምትከትበትን ተረት ነገርኳቸው። ሁሌም እንደሚስቁት ሳቁ። ጦጢት ዋሽታለች፣ ከድታለች፣ ገድላለች፤ ማንም አልወቀሳትም። ከኋላ የተቀመጠ አንድ ልጅ ግን፣ ብዙ የማይናገር ልጅ ነው፣ «አያ ጅቦ ልጆች ነበሩት?» አለ። ሳቁ ቆመ። ከዚያ በኋላ አንድ ሰዓት ሙሉ ተከራከሩ። ግማሾቹ ጦጢትን መተው አልፈለጉም፤ ግን እንደ በፊቱም ሊወዷት አልቻሉም። አንዷማ ተናዳ «ለምን ጠየቅከው?» አለችው። ለእነዚህ ልጆች ነው የምትጽፊው። ክፉ ሴት አትጎዳቸውም። ከክፉ ሴት ጋር ብቻቸውን ተዘግተው፣ የተጎዳው ሰው ድምፅ ሳይሰማቸው ሲቀር ግን አዝንላቸዋለሁ። የጅቡን ልጆች መጽሐፉ ውስጥ አስገቢያቸው፤ ከዚያ ትርንጎ የፈለገችውን ያህል ትክፋ።

አሁን ሙሉውን አትጀምሪ። ምዕራፍ 2ን ብቻ በ«እኔ» ጻፊው። «ጠፋ»፣ «ሆነ»፣ «ተወሰደ» ያልሽበትን ሁሉ በቀይ አስምሪና ማን እንዳደረገው ጠይቂ። የጋሽ መኩሪያን ልጅ ስም አውጪላት። ዳቦውን በምን ጠቅልላ እንደምታመጣ አስቢ፤ በኮባ ነው፣ በፌስታል ነው፣ በነጠላ? ስትጨርሺ ላኪልኝ፤ በሳምንት ውስጥ አነበዋለሁ።